ሁለት ኬብል እንደ አንድ፦ ስዊች ከስዊች በኤልኤሲፒ እንዴት ይታሰራል

ማርቆስም ሁኑ ባህር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ እንጅባራ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ህንጻ ያለው መስሪያ ቤት ችግሩ ያው አንድ ነው። ሰርቨር ሩሙ እዚህ ህንጻ ላይ፣ ሰራተኛው እዛኛው ላይ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ኬብል፣ እሷ የተበጠሰች ቀን ስልካችሁ አያርፍም፣ ባትበጠስም ጠዋት ሁሉም ሰው ሲስተም ሲከፍት ትጨናነቃለች። ብዙ ልጆች መፍትሄ ብለው የሚያደርጉት ሁለተኛ ኬብል ስበው ሁለቱም ስዊች ላይ መሰካት ነው። እንዲሁ ከተሰካ ከሁለት አንዱ ይሆናል፣ ስዊቹ ስፓኒንግ ትሪ (ሉፕን የሚከላከል ፕሮቶኮል) ካለው አንዷን ይዘጋታል ምንም ለውጥ አይመጣም፣ ከሌለው ደግሞ ሉፕ ይፈጠርና፣ ማለትም ትራፊኩ በሁለቱ ኬብል ዙሪያውን ይዞርና፣ የሁሉም ፖርት መብራት አንድ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ኔትዎርኩ በሙሉ ይሞታል።

ሁለቱ ኬብሎች ለስዊቹ እንደ አንድ ሊንክ እንዲታዩት ማሰር አለባችሁ። ሲስኮ ኢተርቻናል ወይ ፖርት-ቻናል ይለዋል፣ ሁዋዌ ኢት-ትራንክ፣ ማይክሮቲክና ሊኑክስ ቦንዲንግ፣ ቲፒ-ሊንክ ላግ፣ ስራው ግን አንድ ነው። ስታንዳርዱ በፈረንጆቹ 2000 ላይ 802.3ኤዲ ተብሎ ወጣ፣ በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ ተዛወረ፣ ዕቃዎቹ ላይ ግን እስከዛሬ የድሮውን ቁጥር ነው የምታዩት። በሁለቱ ዕቃዎች መሃል እየተነጋገረ የሚያስረው ፕሮቶኮል ኤልኤሲፒ ነው። ኮማንዶቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቡ ያው በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ግን ምን እንደምታገኙ እንስማማ። ሁለት የ1 ጊጋ ኬብል ስታስሩ አንድ ሰው አንድ ፋይል ሲገለብጥ 2 ጊጋ አያገኝም። ባህር ዳር ላይ አባይን የምትሻገሩበት አሮጌው ድልድይም አለ በ2016 የተመረቀው አዲሱም አለ፣ ሁለት ድልድይ ስላለ ግን አንድ መኪና ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ አይሻገርም፣ ሁለቱ የሚጠቅሙት መኪናው ሲበዛ ነው። እዚህም አንድ የፋይል ኮፒ አንዷን ኬብል መርጦ በእሷ ብቻ ይሄዳል፣ 1 ጊጋቢት በባይት ሲሆን 125 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፣ በተግባር ወደ 110 አካባቢ ካያችሁ ጤነኛ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ሃምሳ ሰው አንዴ ሲሰራ ነው፣ ደግሞም አንዷ ስትበጠስ ሌላኛዋ ስራውን ሳታቋርጥ ትይዘዋለች፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ይሄ ሁለተኛው ነው። ሌላ ሁሌ የምጠየቀው፣ በዚህ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ኢንተርኔት አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። አይቻልም፣ የታሰሩት ኬብሎች በሁለቱም ጫፍ አንድ ዕቃ ላይ ነው ማረፍ ያለባቸው፣ የሁለት ኢንተርኔት ነገር ራውተር ላይ የሚሰራ ሌላ ስራ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስዊቹ ማኔጀብል መሆን አለበት። አይፒ የማይሰጠው፣ ኮንሶል የሌለው፣ ሱቅ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ባለ 8 ፖርት ፕላስቲክ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም፣ ሁለት ኬብል ከሰካችሁበት ሉፕ ነው የምታተርፉት።

የሚታሰሩት ፖርቶች ፍጥነታቸው አንድ አይነት፣ ፉል ዱፕሌክስ መሆን አለባቸው፣ ቪላናቸውም (አንዱን ስዊች ለተለያየ ኔትዎርክ የሚከፍለው ቁጥር)፣ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ) ወይ አክሰስ (አንድ ቪላን ብቻ) መሆናቸውም አንድ መሆን አለበት። እዚህ ጋ ሰው የሚሸወደው ክሪምፒንግ፣ ማለትም የኬብሉን ጫፍ መግጠም ላይ ነው። 100 ሜጋ የሚጠቀመው ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ነው፣ ጊጋ ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሰማያዊው ወይ ቡናማው አርጄ 45 ውስጥ በደንብ ካልያዘ ሊንኩ ይበራል ግን ወደ 100 ይወርዳል፣ አንዷ ጊጋ አንዷ 100 ስትሆን ደግሞ አብረው አይታሰሩም። እና ሰዓት ሙሉ ኮንፊግ ከመጎርጎር በፊት ሾው ኢንተርፌስ ስታተስ ብላችሁ ሁለቱም 1000 ላይ መሆናቸውን እዩ፣ ካልሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉ።

የኬብሉ መንገድ ደግሞ አለ። ሁለቱን በአንድ ቦይ ከቀበራችኋቸው አንድ ቀን የውሃ መስመር ወይ ኮብልስቶን የሚሰራ ሰው በአንድ ዶማ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል፣ አንድ ፋይበር ኬብል ውስጥ ያሉ ሁለት ጥንድ ኮሮችም ያው ናቸው፣ አብረው ነው የሚቆረጡት። ከቻላችሁ አንዱን በመሬት ሌላውን በግድግዳ ወይ በግቢው በሌላኛው ዙሪያ አሳልፉት። ከህንጻ ህንጻ ከሆነ ደግሞ ዩቲፒ (የመዳብ ኬብል) ባትስቡ እመርጣለሁ፣ አንደኛ ከ100 ሜትር አያልፍም፣ ሁለተኛ የኛ አገር ክረምት ይታወቃል፣ ከጮቄ በኩል ተነስቶ ሲያጉረመርም መብረቁ ህንጻው ላይ ባያርፍ እንኳ አጠገብ ካረፈ በመዳቡ ገብቶ የሁለቱንም ስዊች ፖርት ያቃጥላል፣ ምትክ ደግሞ አባይ በረሃን ተሻግሮ ከመርካቶ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ለእያንዳንዱ ስዊች ሁለት ሁለት ኤስኤፍፒ (ፋይበሩን ስዊቹ ላይ የሚያስገጥም ሞጁል) ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ሲስኮ ከሲስኮ

ብዙ ቦታ ያለው 2960 ስለሆነ በሱ ልሂድ። ሁለቱ አፕሊንክ ጊግ 0/1 እና ጊግ 0/2 ናቸው እንበል፣ ቪላኖቹ 10፣ 20 እና ለማኔጅመንት 99። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው ካላችሁ ወይ ሁለቱም ስዊች አጠገባችሁ ከሆኑ ቀላሉ መንገድ ሁለቱን ፖርት ዘግቶ፣ ሁለቱንም ጫፍ ኮንፊገር አድርጎ ከዛ መክፈት ነው።

ኮንፊገር ተርሚናል
ኢንተርፌስ ሬንጅ ጊግ 0/1 - 2
ሻትዳውን
ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ
ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 10,20,99
ቻናል-ግሩፕ 1 ሞድ አክቲቭ
ኖ ሻትዳውን

የመጨረሻዋን መስመር በሁለቱም ስዊች ላይ የቀረው ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ምቷት። ቻናል-ግሩፕ ስትሉ ኢንተርፌስ ፖርት-ቻናል 1 ራሱ ይፈጠራል፣ ከዛ ወዲያ ቪላን መጨመር መቀነስ ስትፈልጉ እሱ ላይ ግቡና አድርጉት፣ ወደ ሁለቱ ፖርቶች ራሱ ይወርዳል። ነጠላ ፖርቱ ላይ ገብቶ የሚነካካ ሰው ነው በኋላ አንዷ ለብቻዋ ወጥታ የሚያገኛት። 3560 ወይ 3750 ከሆነ ከሞድ ትራንክ በፊት ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው ማለት አለባችሁ፣ 2960 ላይ ግን ያ ኮማንድ የለም አትፈልጉት። የቻናሉ ቁጥር 1 በሁለቱም ስዊች አንድ ባይሆን ግድ የለም፣ ለናንተ እንዳያምታታ ግን አንድ አድርጉት።

ሞዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አክቲቭ ማለት ራሱ መልእክት እየላከ ይጠይቃል፣ ፓሲቭ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሁለቱም ፓሲቭ ከሆኑ ማንም አይጀምርም፣ ተፋጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አክቲቭ አድርጉ፣ አለቀ። ዲዛየረብልና አውቶ የሚባሉት ፓግፒ የሚባለው የሲስኮ የራሱ ፕሮቶኮል ናቸው፣ ነገ ሌላ ብራንድ ስታመጡ አይሰራም። ኦን የሚባለው ደግሞ ያለ ምንም ንግግር በግድ ማሰር ነው፣ እሱን ምርጫ ከሌላችሁ በቀር አትንኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብዙ ቦታ ፋይበሩ መሃል ላይ ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ወደ ዩቲፒ የሚቀይር ዕቃ) አለ፣ ፋይበሩ ሲቆረጥ ከኮንቨርተሩ ወደ ስዊች ያለችው አጭር ዩቲፒ እንደበራች ትቀራለች፣ ኦን ላይ ያለ ስዊች ፖርቱ አፕ ነው ብሎ ግማሹን ትራፊክ ወደ ጉድጓድ ይልካል፣ ግማሹ ሰራተኛ ይሰራል ግማሹ አይሰራም፣ እንዲህ አይነት ችግር ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ጸጉር ያስነጫል። ኤልኤሲፒ ግን ከማዶ መልእክት ካልመጣለት ያቺን ኬብል ያወጣታል። በዝግታው ታይመር መልእክቱ በየ30 ሰከንዱ ነው፣ ሶስቱ ከቀሩ ማለትም 90 ሰከንድ ላይ ይቆርጣል፣ ፋስት ካደረጋችሁት በየ1 ሰከንዱ ይሆንና በ3 ሰከንድ ያውቃል።

መብራት የሚሄድበት አገር ላይ ስላለን ሌላም አለ። ኮንፊጉን ሴቭ ያላደረጋችሁት ስዊች መብራት ሄዶ ሲመጣ ያልታሰረ ሆኖ ይነሳል፣ ማዶው ኦን ላይ ከሆነ አልታሰረም ብሎ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ሉፕ ይሆናል ወይ ሲስኮው ራሱን ለመከላከል ፖርቶቹን ኤረር-ዲሴብል ያደርጋቸዋል፣ ማለትም ስህተት አየሁ ብሎ ይዘጋቸዋል። ሲሰራ ካያችሁ በኋላ ራይት ሜሞሪ፣ ሁለቱም ላይ።

ከሩቅ ሆናችሁ ስትሰሩ

እናንተ ማርቆስ ቁጭ ብላችሁ ስዊቹ ሞጣ ወይ ቢቸና ከሆነ ከላይ ያለውን አትሞክሩት፣ ሻትዳውን ባላችሁበት ሰከንድ ራሳችሁን ቆርጣችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዛ ቀጣዩ መኪና ነው።

መጀመሪያ ያለውን ጤነኛ ኮንፊግ ሴቭ አድርጉ፣ ቀጥሎ ሪሎድ ኢን 15 በሉት። ስዊቹ ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ ከተቆረጣችሁ የድሮውን ኮንፊግ ይዞ ይነሳል። መሃል ላይ ራይት እንዳትሉ፣ ከተሳካ በኋላ ሪሎድ ካንስል፣ ከዛ ራይት። ስራውን ደግሞ አንድ አንድ ፖርት እያደረጋችሁ ሂዱ፣ ሰርቪሱ በጊግ 0/1 እየሄደ ሳለ ባዶውን ጊግ 0/2 ብቻ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቻናል-ግሩፕ ውስጥ አስገቡት፣ አንድ ኬብል ያላት ፖርት-ቻናል ትፈጠራለች፣ ስፓኒንግ ትሪ ስላለ ሉፕ የለም ከሁለቱ አንዱን ይዘጋል። ፖርት-ቻናሏ መነሳቷን ካያችሁ በኋላ የማዶውን ጊግ 0/1 አስገቡ፣ ቀጥሎ የናንተውን። መሃል ላይ ኮኔክሽኑ ትንሽ ይሰቀላል፣ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ከሆነ ቶሎ ይመለሳል፣ የድሮው አይነት ከሆነ ግማሽ ደቂቃና ከዛ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ አትደንግጡ። ይሄ ዘዴ የሚሰራው ስፓኒንግ ትሪ ሁለቱም ላይ ካልተዘጋ ብቻ ነው፣ ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ብላችሁ አረጋግጡ።

ሎድ ባላንሱ፣ ሁሉም ሰው የሚዘለው

አሰርን፣ ሁለቱም ገቡ፣ ግን አንዷ ኬብል ትሞላለች ሌላኛዋ ባዶ ናት የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስዊቹ የትኛው ትራፊክ በየትኛዋ ኬብል ይሂድ የሚለውን የሚወስነው አድራሻ አይቶ ነው፣ 2960 ሲመጣ የሚያየው የላኪውን ማክ አድራሻ (የኔትዎርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። አሁን አስቡት፣ ራውተራችሁ ሰርቨር ሩም ያለው ስዊች ላይ ነው፣ ከኢንተርኔትም ከሌላ ቪላንም የሚመጣው ነገር ሁሉ በራውተሩ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ወደ ማዶ ህንጻ ሲወርድ የላኪው ማክ ሁሌም ያው የራውተሩ ነው። አንድ ማክ፣ አንድ ኬብል። ሃምሳውም ሰው ዳውንሎዱ በአንዷ ብቻ ይወርዳል። ከማዶ ወደዚህ ሲመጣ ግን የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ማክ ስለሚለያይ ይከፋፈላል፣ ለዛ ነው አፕሎዱ ጥሩ ሆኖ ዳውንሎዱ የሚታፈነው።

መድሃኒቱ አንድ መስመር ነው፣ ግሎባል ኮንፊግ ላይ ገብታችሁ ፖርት-ቻናል ሎድ-ባላንስ ኤስአርሲ-ዲኤስቲ-አይፒ። የላኪውንም የተቀባዩንም አይፒ አጣምሮ ያያል። ሁለቱ ስዊቾች አንድ አይነት ምርጫ ላይ እንዲሆኑ ግድ አይደለም፣ እያንዳንዱ የሚወስነው ራሱ ለሚልከው ነው። እኩል ለእኩል ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ በአጋጣሚ ሁለት ከባድ ተጠቃሚ አንዷ ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ኬብል የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ 2፣ 4 ወይ 8 አድርጉት፣ ሲስኮው ውስጡ ትራፊኩን ስምንት ቦታ ከፍሎ ነው የሚያድለው፣ ሶስት ኬብል ከሆነ 3፣ 3፣ 2 ይደርሳቸዋል።

ማይክሮቲክ

ራውተሩ ማይክሮቲክ ከሆነ ፖርቶቹ ብሪጅ ውስጥ ካሉ መጀመሪያ ከብሪጅ ፖርትስ አውጧቸው፣ ከዛ በፊት ግን ዊንቦክስ (ማይክሮቲክን የምታስተካክሉበት ፕሮግራም) ላይ ሴፍ ሞድ የሚለውን ተጫኑት፣ ከተቆረጣችሁ የሰራችሁትን ይመልሰዋል። ቀጥሎ ኢንተርፌስስ ገብታችሁ ቦንዲንግ የሚለው ታብ ላይ መደመሩን ተጫኑ፣ ስሌቭስ ላይ ኢተር3ን እና ኢተር4ን ምረጡ፣ ሞዱን 802.3ኤዲ አድርጉት። ሞዱን አለማየት እዚህ ጋ ዋጋ ያስከፍላል፣ ማይክሮቲክ ካልነካችሁት ባላንስ-አርአር ላይ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ፓኬቱን አንድ ለዚህ አንድ ለዚያ እያለ ነው የሚልከው፣ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል፣ ማዶ ያለው ኤልኤሲፒም አያገኝም። ትራንስሚት ሃሽ ፖሊሲው ሌየር-2-ኤንድ-3 ይሁን፣ ሊንክ ሞኒተሪንጉ ኤምአይአይ ላይ እንዳለ ተዉት።

አሁን ቦንድ1 የሚባል ኢንተርፌስ አላችሁ፣ ብሪጅ የነበረ ከሆነ ቦንድ1ን ብሪጁ ውስጥ ጨምሩት፣ ካልሆነ አይፒውንና ቪላኖቹን ከኢተር3 ላይ አንስታችሁ ቦንድ1 ላይ አስቀምጡ። ኢተር3 ላይ የቀረ አይፒ ካለ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው የሚገጥማችሁ።

ሁዋዌና ቲፒ-ሊንክ ባጭሩ

ሁዋዌ ላይ ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ። ኢንተርፌስ ኢት-ትራንክ 1፣ ቀጥሎ ሞድ ኤልኤሲፒ፣ ቀጥሎ ትራንክፖርት ጊጋቢትኢተርኔት 0/0/23 ቱ 0/0/24። ሞዱን ፖርት ከማስገባታችሁ በፊት ቀይሩ፣ ካለዚያ ማኑዋል ሆኖ ይቀራል፣ ሲስኮው አክቲቭ እያለ እሱ ማኑዋል ከሆነ አይታሰሩም። ፖርቱ ላይ ቀድሞ የነበረ የቪላን ኮንፊግ ካለ አልገባም ይላችኋል፣ አጽዱትና ቪላኑን ኢት-ትራንኩ ላይ ስጡ። ዲስፕሌይ ኢት-ትራንክ 1 ስትሉ ሁለቱም ሰሌክትድ ማለት አለባቸው።

ቲፒ-ሊንክ ላይ ርካሹ ኢዚ ስማርት የሚባለው ዘር ብዙ ጊዜ ስታቲክ ላግ ብቻ ነው ያለው፣ እዛ ምርጫ ስለሌለ ማዶ ያለውን ሲስኮ ኦን ታደርጉታላችሁ፣ ኦን አትንኩ ያልኩት ላይ ያለው ልዩ ሁኔታ ይሄ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለተኛዋን ኬብል ሁለቱም ጫፍ ኮንፊገር ተደርጎ ሴቭ እስኪሆን አትሰኩ።

ሰርቨር ከሆነ

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ ቦንድስ የሚል ክፍል ትከፍታላችሁ፣ ቦንድ0 ስር ሁለቱን ካርድ ትዘረዝራላችሁ፣ ፓራሜትርስ ላይ ሞድ 802.3ኤዲ፣ ኤልኤሲፒ-ሬት ፋስት፣ ኤምአይአይ-ሞኒተር-ኢንተርቫል 100። አይፒው ቦንድ0 ላይ ነው የሚሆነው እንጂ ካርዶቹ ላይ አይደለም። ኔትፕላን ትራይ አዳኝ ነው ብላችሁ ከሩቅ እንዳትሞክሩ፣ የቦንድ ፓራሜትሮችን መመለስ አይችልም፣ ሰርቨሩ ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስሩት። ስዊቹ ላይ ያው ቻናል-ግሩፕ አክቲቭ፣ ሞዱ ግን አክሰስ፣ ፖርትፋስትም (ስፓኒንግ ትሪን ሳይጠብቅ ፖርቱን ቶሎ የሚያነሳው) ጨምሩለት።

ከዛ ካት ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ኔት ስላሽ ቦንዲንግ ስላሽ ቦንድ0 ብላችሁ አንብቡ። የሁለቱም ካርድ አግሪጌተር አይዲ አንድ ቁጥር መሆን አለበት፣ ከተለያየ አልታሰሩም፣ አንዱ ብቻ ነው የሚሰራው። የፓርትነር ማክ ሁሉም ዜሮ ከሆነ ደግሞ ስዊቹ ኤልኤሲፒ እያወራ አይደለም፣ ችግሩ ያለው እዛ ነው ሰርቨሩን አትነካኩት።

መፈተሽ

ሲስኮው ላይ ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ። ፖርት-ቻናሉ አጠገብ ኤስዩ፣ እያንዳንዱ ፖርት አጠገብ ፒ ካያችሁ ገብቷል ማለት ነው። አይ የሚለው የላቲን ፊደል ከሆነ ለብቻው ቆሟል፣ ማዶው ኤልኤሲፒ አያወራም። ትንሿ ኤስ ከሆነች ተንጠልጥሏል፣ ፍጥነት ወይ ቪላን ወይ ትራንክ አልተመሳሰለም፣ የሁለቱን ፖርት ሾው ራን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መስመር በመስመር አወዳድሩ። ዲ ከሆነ ኬብሉ ራሱ ሞቷል። ሾው ኤልኤሲፒ ኔበር ደግሞ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ያሳያችኋል፣ ሁለቱ ፖርት ላይ የተለያየ አይዲ ከመጣ አንዷን ኬብል ሌላ ስዊች ላይ ሰክታችኋታል።

ቀጥሎ ትክክለኛው ፈተና፣ ፒንግ ማይነስ ቲ ከፍታችሁ አንዷን ኬብል ንቀሉ። አንድ ሁለት ፒንግ ቢጠፋ ደህና ነው፣ መልሱና ሌላኛዋን ንቀሉ፣ ሁለቱንም በየተራ ካልነቀላችሁ አልፈተሻችሁም። ሚዲያ ኮንቨርተር ካለ ዩቲፒውን ሳይሆን ፋይበሩን ንቀሉ፣ ያኔ ነው ኤልኤሲፒው በስንት ሰከንድ እንደሚነቃ የምታዩት። ፍጥነቱን ለማየት አይፐርፍ3ን (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ብትነዱ 940 ሜጋቢት አካባቢ ይቆማል፣ በሁለት ኮምፒውተር ወደ ሁለት የተለያየ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ንዱት፣ አንድ ኬብል ላይ ከተገጣጠሙ የአንዱን አይፒ ቀይራችሁ ድገሙ።

አንድ የቀረ ነገር፣ ይሄ አሠራር ብልሽትን ይደብቃል። አንዷ ኬብል ብትሞት ማንም አይደውልላችሁም፣ ኔትዎርኩ ይሰራላ፣ ሁለተኛዋ እስክትሞት ድረስ ማንም አያውቅም። ሞኒተሪንግ ሲስተም ካላችሁ የነጠላ ፖርቶቹን ዳውን መሆን በአላርም አስገቡት፣ ፖርት-ቻናሉን ብቻ አትከታተሉ፣ ከሌላችሁ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንዴ ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ በሉ። እያንዳንዱ ፖርት ላይ ዲስክሪፕሽን ጻፉ፣ ኬብሎቹንም በሁለቱም ጫፍ ሌብል ለጥፉባቸው፣ የትኛዋ በግድግዳ የትኛዋ በመሬት እንደምታልፍም ጭምር።